ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ጎጥ

በመሥሪያ ቤታችን ድምር እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ወረታ ውስጥ ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ብዙ አይርቅም፤ መስኮቱን ስከፍት የባጃጅ ጥሩንባና የጭነት መኪና ጭስ እኩል ይገባል። ሥራዬ የጤና ዕቅድ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ዞን የሚወጣውን ቁጥር እቀበላለሁ፣ አስማማለሁ፣ አንድ ወረቀት ላይ አኖራለሁ። ስንት ነፍሰ ጡር፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት አጎበር፣ የትኛው አምቡላንስ ለየትኛው ቀበሌ። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። ብዙ ስለማልናገር ለዚህ ተመቸሁ ይላሉ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ውኃ ሲቀዱ እኔ አንደኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ፊደል ግን ከዚያ በፊት አውቅ ነበር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ለደብሮች መጽሐፍ ይገለብጡ ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የቀይ ቀለሙን ቀንድ እይዝላቸዋለሁ። "የጸሐፊ ዓይን ይስታል" ይሉኝ ነበር። "አንድ መስመር ጨርሶ ቀና ይላል፤ ሲመለስ ያንኑ መስመር ደግሞ ይጽፈዋል። ካልታረመ አንባቢ ይደናበራል።" እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ከተደገመው መስመር በላይና በታች ቀጭን ቀይ ሰረዝ ያኖሩበታል፤ አታንብበው ማለት ነው። ብራና አይፋቅም ማለቴ አይደለም፣ ይፋቃል። እሳቸው ግን ስሕተት ሲታረም ይታይ የሚሉ ሰው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነገር ሳይ ሳላርመው ዕረፍት አላገኝም።

የአክስቴ ልጅና እኔ ያደግነው ቁሐር ሚካኤል፣ በአንድ ቤት ነው። እናቷ ስትሞት እናቴ አመጣቻት፤ እኔ ታላቅ፣ እሷ ታናሽ። "እታለም" ነበር የምትለኝ። ያገባችው ራቅ ብሎ፣ በሩዝ ማሳ መካከል፣ ወንዝ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ከሰፈረ ጎጥ ነው። ያ ጎጥ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቦታ ይለውጣል። በበጋ ወንዙ ጉልበት አይደርስም፤ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገርና ከብት ውኃ ጠጥቶ እስኪመለስ ባለው ጊዜ ማዶ ካለው የጎረቤት ወረዳ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ወንዙ ዛፍ ነቅሎ ይወርዳል፤ ማዶ ያለው ማዶ ይቀራል። በወዲህ በኩል ደግሞ ሜዳው በሞላ ውኃ ይተኛበታል፤ ይኼኛው ውኃ ዝም ያለ ነው፤ በታንኳ ማሳ ለማሳ እየቀዘፉ ወደ እኛ፣ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ይመጡበታል። ስለዚህ ሁለቱም ጤና ጣቢያዎች ጎጡን "የእኔ" ብለው ይጽፉት ነበር፤ ያኛው ለበጋው፣ የእኛው ለክረምቱ። ማንም አዝዟቸው አይደለም፤ እንዲሁ ሲወርድ የመጣ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ውኃው ሳይተኛ፣ የእኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጎጡን ቤት ለቤት ትዞራለች። ወራቸው ክረምቱ ውስጥ የሚገባ ሴቶችን ትጽፋለች። ዝርዝሩ ወደ እኔ ይመጣል፤ ከሐምሌ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ጀልባ በዝርዝሩ መሠረት እየሄደ ይሰበስባቸዋል፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ገብተው እስኪወልዱ ይቆያሉ።

ግንቦት ላይ በገበያ ቀን የአክስቴ ልጅ ቤቴ መጣች። ሆዷ ነጠላውን ገፍቶታል። የፊተኛውን ልጅ ስትወልድ ልጁም አልተረፈ፣ እሷም ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተመለሰችው። አዋላጇ ከእንግዲህ ቤት መውለድ እንደማይሆንላት ቁርጡን ነግራታለች።

"መቼ ነው?" አልኳት።

"ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው ያሉኝ።"

"ውኃው አፍ እስከ ገደፉ በሚሞላበት!"

"እኔ መረጥኩት?" ሳቀች። "ጀልባዋ ትመጣለች አይደል?"

"ትመጣለች። ዕቅድ ውስጥ ነው።"

"ዕቅድ ማለት የታሰበ ነው የተሠራ?"

"የታሰበና የተጻፈ ነው።"

"አንቺ ከጻፍሽውማ ምን አስጨነቀኝ። ልጅ ሳለን ሹሩባ ስትሠሪኝ እንኳ ግራና ቀኙ በቁጥር ካልገጠመ አፍርሰሽ ትጀምሪ ነበር። ራሴን ስንት ቀን አሳመምሽኝ!" አለችና ጨውና ሳሙናዋን ቋጥራ ተነሣች።

ያን ዓመት ከዞን አዲስ አሠራር መጣ፤ ጎረቤት ወረዳዎች የጤና አገልግሎታቸውን በጋራ እንዲያቅዱ። ሐሳቡ መልካም ነበር። አሁንም መልካም ነው እላለሁ። አንዱ ጋ አምቡላንስ ቆሞ ሌላው ጋ ሴት በቃሬዛ ከምትሄድ፣ መኪናውንም፣ ጀልባውንም፣ አዋላጁንም አንድ ላይ ቆጥሮ መደልደል ነው። ግንቦት መጨረሻ የሁለቱ ወረዳ ሰዎች በእኛ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከዞን የመጣው አስተባባሪ እንቅልፍ ያጣ፣ ጎበዝ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

ስብሰባው ገና በጠዋት ድምር ላይ ተያዘ። ከላይ የወረደው የሕዝብ ቁጥርና ከጤና ጣቢያዎች የወጣው አልገጠመም፤ የታቹ በዛ።

"ትርፍ ሰው ከየት አመጣችሁ?" አለ አስተባባሪው።

"ፎገራ ነው፣ ሰዉም እንደ ከብቱ ይራባል!" አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። አገኘሁት። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እጄን አወጣሁ፤ በዚያ አዳራሽ እጄን ሳወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

"ትርፍ ሰው የለም" አልኩ። "አንድ ጎጥ ሁለት ቦታ ተጽፎ ነው።"

"አላልኳችሁም?" አለ አለቃዬ ለእንግዶቹ። "የእሷ ዓይን ከጤፍ ውስጥ አሸዋ ይለቅማል።"

አስተባባሪው ደስ አለው። "የትኛው ጣቢያ ይቀርበዋል?" ሲለኝ ካርታው ላይ በክር ለካሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። "ማዶ ያለው" አልኩ።

በሩ አጠገብ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የተቀመጡ ቄስ ነበሩ፤ የዚያው ጎጥ ደብር ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የኅብረተሰብ ተወካይ ተብለው ተጠርተዋል። ተነሡ።

"ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልናገር።"

"ይናገሩ አባታችን።"

"እኛ የሁለት ቤት ሰዎች ነን። በበጋ የነዚህ ነን" ወደ ማዶዎቹ በእጃቸው አመለከቱ፤ "በክረምት የናንተ ነን። አንዱን ስትሰርዙ ግማሽ ዓመታችንን ሰረዛችሁት።"

"ይገባኛል አባታችን" አለ አስተባባሪው፤ "ግን ሰው የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ይጠመቃል እንዴ?"

ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ግን አልተቀመጡም። "አይጠመቅም። ለዝናብና ለፀሐይ ግን ልብስ ይለውጣል። እናንተ ሁላችሁም እዚህ ተጠርታችኋል፤ ወንዙን የጠራው የለም።"

"ችግር ከመጣ ሁለቱ ጣቢያዎች ይረዳዳሉ፤ የጋራ ዕቅድ ማለት እኮ ይኸው ነው። ማዶዎቹ በደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ዞን ያጸድቃል፣ የወዲሁ ጀልባ ይሄዳል።"

ቄሰ ገበዙ ዙሪያውን አዩ። የሚያግዛቸው አልነበረም። ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የኅብረተሰብ ተወካዩ አስተያየት ተደምጧል" ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ በእኛ ዝርዝር ከጎጡ ስም በላይና በታች ቀጭን ሰረዝ አሰመርኩ። ድምሩ ገጠመ።

ስለ አክስቴ ልጅ አላሰብኩም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አስቤያለሁ። ሁለት ባለቤት ያላት ላም አንዱ አንዱን ሲጠብቅ ሳትጠጣ ትውላለች፤ አሁን አንድ ባለቤት አገኘች ብዬ ነው ያሰብኩት። ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ሰኔ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሪፖርት ልታስገባ መጣች፤ ቦቲ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች።

"ወደ ጎጡ ልውጣ ልተወው?"

"አሁን የማዶዎቹ ነው።"

"እሱንማ አየሁት። ውኃው ሲመጣስ?"

"ማዶዎቹ ሴቶቹን ጽፈው ይጠይቁናል።"

"በአንቺ ቤት ውኃ ወረቀት ያነብባል" አለችኝ። "ይሁን። እኔማ እግሬ ጭቃ ውስጥ ከመበስበስ ተገላገልኩ።" ቦቲዋን አጥልቃ ሄደች። ከሷ በኋላ ወለሉ ላይ የቀረውን ጭቃ ስጠርግ እንደ ተናደድኩ አስታውሳለሁ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ አላባራም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለች፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከጉብታው ጫፍ ወጥታ ነው፤ ነፋሱ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል።

"እታለም፣ ጀልባዋ ለሐይቅ ዳር ቀበሌዎቹ መጣች አሉ። ወደ እኛ ዞር አላለችም።"

"የእናንተ በማዶ በኩል ሆኗል።"

"በማዶ? ወንዙ እኮ ሞላ።"

"እነሱ ይጠይቁልሻል። ደብዳቤ አለው።"

"ደብዳቤው ዋና ይችላል?"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን እንደ ዘጋሁ ግን ለማዶው ጤና ጣቢያ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ግልባጭ አስቀረሁ። መልሳቸው በሳምንቱ ደረሰኝ፤ ስሟን ይዘዋል፤ ጥያቄውን ለዞን ልከዋል። ዞን ደግሞ የሁሉም ወረዳ የጀልባ ጥያቄ ተጠቃሎ እስኪቀርብ ይጠብቃል። ሁሉም የተጻፈውን ፈጽሟል። ግልባጮቹን በቅደም ተከተል አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዱም አልጎደለም።

የጀልባው ነጂ በየጠዋቱ በመስኮቴ ሥር ያልፍ ነበር። "እባክህ ወደዚያች ጉብታ ዞር በልልኝ" ብዬው ቢሆን አይሄድም ነበር አልልም። ይሄድ ነበር። አልጠየቅሁትም። ለዘመድ ብሎ ሰው ከዝርዝር ማስቀደም መሰለኝ። እሷንም በታንኳ ነይና እኔ ቤት ቆዪ አላልኳት፤ ደብዳቤውን ጠበቅሁ።

ፍልሰታ ተፈታ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እንደ ገባሁ ባሏ ደወለ።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ እያማጠች ነው። ደም አለው።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "ማዶዎቹ አምቡላንሱን ዳር አቁመውታል። ከዚህ ይታየኛል፤ ነጩ መኪና። መሻገር የለም።"

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። ጀልባው በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ሄዷል፤ በዝርዝሩ መሠረት። የነጂው ስልክ አይሠራም።

"ጥያቄው በማን በኩል ነው የመጣው?" አለኝ አለቃዬ፤ ፊቴን አየና አልጨረሰውም። ራሱ ዞን ደወለ፣ ራሱ የእኛን አምቡላንስ ከሌላ ሥራ መለሰ። ለባሏ "በታንኳ አምጧት፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ እንጠብቃችኋለን" አልኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ተነሡ።

ከአምቡላንሱ ሾፌር ጋር ሄድኩ። የጠጠር መንገዱ ወርዶ ውኃ ውስጥ ከሚገባበት ላይ ቆምን። ከዚያ ወዲያ ሜዳ የለም፤ ውኃ ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም የሩዙ ጫፍ ይታያል። ያካፋል። ሾፌሩ በጨዋታ ሊያስረሳኝ ፈልጎ ስለ ጎማው፣ ስለ መንገዱ ያወራኛል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን "ያውልሽ!" አለኝ።

ታንኳው ከሩቅ ታየ። ሦስት ወንዶች ቆመው ይቀዝፋሉ፤ መካከል ላይ ነጭ ነገር ተጋድሟል፤ ከራስጌው ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ተቀምጧል። ጃንጥላውን አወቅሁት። ቄሰ ገበዙ አብረዋት መጥተዋል። እየቀረቡ መጡ፤ የሰዎቹ ክንድ ሲነሣና ሲወድቅ እስኪለይ ድረስ ቀረቡ። ሾፌሩ የኋላውን በር ከፈተ፣ አልጋውን ሳበ።

ከዚያ ታንኳው ቆመ።

"ያዘው እንዴ?" አለ ሾፌሩ። "ሣር ያዘው መሰለኝ።" ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋላቸው። ቀዛፊዎቹ አልተንቀሳቀሱም። አንደኛው መቅዘፊያውን ከውኃው አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አጋደመው። ሌላኛውም። እንዲህ ሆነው ቆዩ፤ ምን ያህል እንደሆነ ሰዓቴን አላየሁም።

ዝናቡ አላቆመም ነበር። ጃንጥላው ታጠፈ።

ያኔ ገባኝ። ሾፌሩ ገና "ምን ነካቸው?" ይል ነበር። ታንኳው ቀስ ብሎ አፉን አዞረና በመጣበት ተመለሰ። ሲመለሱ አይቸኩሉም ነበር። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ወደ እኔ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ" አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተር ጀልባው ወደዚያው ጠርዝ መጣ። ከሐይቁ ዳር የሰበሰባቸው ሴቶች ሆዳቸውን ደግፈው እየወረዱ "ይኼ ጀልባ ወገባችንን ቆረጠው!" እያሉ ይሳሳቃሉ። ሁሉም ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ሁሉም በሰላም ወልደዋል፤ እኔ ነኝ የመዘገብኳቸው።

እናት ስትሞት ለምን እንደሞተች ተሰብስቦ መመርመር ደንብ ነው። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ ሟቿ በየትኛው ጤና ጣቢያ ሥር እንደነበረች ነው። ከዚያ በላይ መሄድ አልተቻለም።

"በዕቅዱ መሠረት የእናንተ ናት" አሉ የእኛዎቹ።

"እኛ ቀኑን ሙሉ አምቡላንስ አቁመን ውለናል" አሉ ማዶዎቹ። "የሞተችው በእናንተ ውኃ ላይ ነው።"

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አላስቻላትም። "አጎበር ሲታደል የሁለታችሁም ነበረች!" አለች። "ዛሬ የማንም ሆና ቀረች?" ተቀመጪ አሏት። አልተቀመጠችም፤ ወጥታ ሄደች።

አስተባባሪው ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። "ቃለ ጉባኤው ምን ይላል? ይሰረዝ ያለው ማን ነው?"

አነበብኩለት። "በጋራ ስምምነት" ይላል። ከዚያ ያልተጠየቅሁትን ጨመርኩ። "ያገኘሁት እኔ ነኝ። የለካሁትም እኔ ነኝ። የለካሁት የበጋውን መንገድ ነው።"

"ይህን አትጻፊው" አለኝ አስተባባሪው ቀስ ብሎ፤ ሊያድነኝ ነው። "እዚህ የሰው ስም አይጠራም።" እኔ ጻፍኩት። ተተይቦ ሲመለስ ግን አልነበረበትም። ምክንያት በሚለው ቦታ "መዘግየት" ይላል።

ለአርባዋ በታንኳ ሄድኩ። መስከረም ነው፤ ውኃው ገና አልሸሸም። ከዳሱ ሥር አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አጠገብ አስቀመጡኝ። ብዙ ሰዓት አላናገሩኝም። በኋላ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

"ያን ቀን ወዲያ ጠርዝ ላይ መኪና ቆሞ ነበር፤ አንዲት ሴትም ነበረች አሉኝ" አሉ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ትሠሪ ነበር?"

"እጠብቅ ነበር።"

"እህ" አሉ።

ልጁ ከሆዷ አልወጣም፤ አብረው ነው የተቀበሩት። መቃብሯን ያሳዩኝ ቄሰ ገበዙ ናቸው። ስንመለስ በመንገድ "አባትሽን አውቃቸው ነበር" አሉኝ። "የእኛንም ደብር መጽሐፍ ገልብጠዋል። መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሲያገኙ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?"

"በቀይ ይሰርዙት ነበር።"

"የለም። መጀመሪያ ከምንጩ ያመሳክሩት ነበር። አዝማች እንደሆነስ? አዝማች ይደገማል። ስሕተት መስሎሽ ከሰረዝሽው ዜማው ይሰበራል።" ሊገሥጹኝ አይመስልም፤ ድምፃቸው ደክሞታል። "እኔም ያን ጊዜ ይህን ልላችሁ ይገባኝ ነበር። ስትስቁ ተቀመጥኩ።"

እውነታቸውን ነው። አባቴ በግራቸው አሮጌው መጽሐፍ ተዘርግቶ፣ ጣታቸው እሱ ላይ ሆኖ፣ ወደዚያና ወደዚህ እያዩ ብዙ ይቆዩ ነበር። እኔ ቀለሙን ይዤ ቀዩ እስኪነሣ እጠብቅ ነበር። ያስታወስኩት ቀዩን ብቻ ነው።

በዓመቱ ግንቦት የጋራ ዕቅዱ እንደገና መጣ። ጎጡን በሁለቱም ዝርዝር ጻፍኩት፤ ከጎኑም "በጋ" እና "ክረምት" ብዬ ለየሁ። ድምሩ እንደሚበዛ አውቄ ላክሁት። አስተባባሪው ደወለልኝ።

"እህቴ፣ ያው ጎጥ ሁለት ቦታ ገብቷል።"

"ሁለት ቦታ ስለሆነ ነው።"

አስታውሷል። "ይገባኛል" አለኝ። "ኮምፒውተሩ አይቀበለውም።"

"አንተስ?"

"እኔ ብቀበለው ምን ያደርጋል?"

ዕቅዱ ጸድቆ ሲመለስ ድምሩ ገጥሟል። ከእኛ ዝርዝር ጎጡ የለም። ሰረዝ እንኳ የለበትም፤ ከላይ ያለው መስመር ከታቹ ጋር ተገጣጥሟል፤ እዚያ ቦታ አንድ ነገር ተጽፎ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት የለም።

ሰኔ ላይ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር በእግራችን ወደ ጎጡ ወጣን። ማንም አላዘዘንም፤ እኔ የዓመት ዕረፍት ቅጽ ሞልቼ ነው። ለጀልባው ነጂ አስቀድሜ በቃሌ ነግሬዋለሁ። "እስካሁን ምን ይዞሽ ነው?" ነው ያለኝ። ግማሽ ቀን ተጓዝን። እሷ በየቤቱ ስትገባ እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሙን፣ ወሩን፣ የቤቱን ምልክት ጻፍኩ።

የአክስቴ ልጅ አማት ከደጃቸው ቆመው ያዩኛል። ወደ እሳቸው መሄድ ፈርቼ መጨረሻ አደረግሁት። ስደርስ ሰላምታዬን ተቀበሉ። አንዲት ልጅ እግር ሴት በክንዷ ይዘው ወደ ፊት ሳብ አደረጉልኝ፤ የታናሹ ልጃቸው ሚስት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል።

"ይችን ጻፊልኝ። ነሐሴ ላይ ነው።"

ጻፍኩ። በሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱ ለጀልባው ነጂ። እሳቸው ማንበብ አያውቁም፤ እጄን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይናቸው ተከተሉት።

"ስንት ቦታ ጻፍሻት?"

"ሁለት ቦታ።"

ወደ ወንዙ አዩ። ገና ጉልበት አይደርስም ነበር፤ ከብቶች ቆመውበት ይጠጣሉ።

"ሦስት ቦታ ጻፊያት" አሉኝ።